ጨለማው እስኪነሣ ድረስ፤ ስለ ብስክሌት መብራትና ስለ ባትሪ ምርጫ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ክፍያ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ወደፊትም መጻፉ አይቀርም። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን እስካሁን በጠቅላላ ስብሰባዎቻችን አጀንዳ ላይ ያልሰፈረ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፣ ሆኖም ከመካከላችን የብዙዎችን ደኅንነት በየምሽቱ የሚነካ ነው። ይኸውም በጨለማ ብስክሌት የሚነዱ አባሎቻችን ምን ዓይነት መብራትና ምን ዓይነት ባትሪ ይምረጡ፣ ግዢውስ የየግላቸው ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ የማኅበሩም ነው የሚል ጥያቄ ነው።

አቋማችንን ከመነሻው እንግለጽ። በእኛ እምነት የብስክሌት መብራት መመረጥ ያለበት በድምቀቱ ሳይሆን በባትሪው ነው፤ ባትሪው ደግሞ በምንኖርበት ከተማ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሄድ ታይቶ ነው። ይህንንም እያንዳንዱ አባል ለብቻው ከሚፈታው ይልቅ ማኅበሩ በጋራ ቢፈታው ወጪው ይቀንሳል፣ ሥራውም ይጠነክራል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለዚህ አቋም ያሉንን ምክንያቶች የሚዘረዝር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጨለማው መነሻ

የቤሩት መንገዶች የሚጨልሙት ፀሐይ ስለምትጠልቅ ብቻ አይደለም። በ2019 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ፣ ከ1997 ጀምሮ በ1507.5 ለአንድ ዶላር ታስሮ የቆየውን የሊባኖስ ሊራ ከአሥር ዘጠኝ እጅ በላይ ዋጋውን አሳጣው። መንግሥትም ነዳጅ የሚገዛበት ዶላር አጣ። በኦክቶበር 9 ቀን 2021 የዴር አማርና የዛህራኒ ኃይል ማመንጫዎች በነዳጅ እጦት ቆመው አገሪቱ በሙሉ ያለ መንግሥት መብራት ቀረች፤ በኦገስት 17 ቀን 2024 ደግሞ የዛህራኒ ነዳጅ አልቆ ያው ነገር ተደገመ።

የከተማው ሰው ለዚህ የየራሱን መላ መታ። አንዱ ለሰፈር ጄኔሬተር «ኢሽቲራክ» የሚሉትን ወርኃዊ ክፍያ እየከፈለ፣ ሌላው ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ እየሰቀለ ቤቱን አበራ። ለመንገድ ምሰሶ ግን ኢሽቲራክ የሚከፍልለት አልተገኘም። አንዳንድ ጎዳና በሱቆችና በሰፈር ሰዎች መዋጮ ቢበራም፣ ከእርሱ አንድ መታጠፊያ አልፎ ያለው መንገድ ጭልም ያለ ነው። ዓይን ደግሞ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከደመቀ ጎዳና ወደ ጨለማ መንገድ የሚታጠፍ ብስክሌተኛ ለጊዜው እንደ ታወረ ይቆጠራል።

ያው ቀውስ ሰዉን ወደ ብስክሌት ገፍቶታል። በ2021 የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ የ«ሰርቪስ» ታክሲ ዋጋ ከተማሪ ኪስ በላይ ሆነ፤ ብዙዎቻችንም ያገለገለ ብስክሌት እየገዛን ወደ ጎዳናው ወጣን። በእነዚያው ዓመታት ደግሞ የፍሳሽ ጉድጓድ ብረት ክዳኖች ተሰርቀው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጡ ነበር። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ያለበት ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በጨለማ ነው። እንግዲህ ችግሩ የጥቂት ሰዎች የሌሊት ሽርሽር ሳይሆን የዕለት ተዕለት የትምህርት ጉዞ ነው።

መታየትና ማየት

የብስክሌት መብራት ሁለት ሥራ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ስለሚያምታታ ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣል። አንደኛው ሥራ መታየት ነው። ሁለተኛው ማየት ነው።

መታየትን እናስቀድም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ ፍሬን እስኪረግጥ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያልፋል፤ ከረገጠ በኋላም በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በ30 ሜትር ርቀት ያልታየ ብስክሌተኛ ለሾፌሩም ለራሱም ጊዜ አልሰጠም ማለት ነው። መንገዱ በዝናብ ሲርስ ደግሞ ርቀቱ ይጨምራል።

«ብስክሌቴ አንጸባራቂ አለው» የሚል ይኖራል። አንጸባራቂ መልካም ነው፤ መኖርም አለበት። ነገር ግን አንጸባራቂ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሌላውን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። በዚህ ከተማ ያለ መብራት የሚሮጥ ሞተር ብስክሌት ስንት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። መብራት የሌለው ሞተር ሲመጣ አንጸባራቂው የሚመልሰው ነገር የለም።

ከፊት መብራትና ከኋላ መብራት መጀመሪያ የትኛው ይገዛ ለሚል፣ መልሳችን የኋላው ነው። ከፊት የሚመጣውን ሰው ራሱ አይቶ ሊሸሽ ይችላል፤ ከኋላ የሚመጣውን ግን የሚያየው የለም። በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌት ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት እንዲኖረው ይደነግጋል። ይህ የቀለም ልዩነት ጌጥ አይደለም። ከኋላው ነጭ መብራት ያሰረ ብስክሌተኛ ለሾፌሩ «ወደ አንተ እየመጣሁ ነው» ብሎ መዋሸቱ ነው።

የኋላ መብራት ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቦታና ጥንቃቄ ነው። ከኮርቻው በታች ወይም ከፓራፋንጎው ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰር። ካፖርት ወይም የጀርባ ቦርሳ አይሸፍነው፤ ወደ መሬትም ወደ ሰማይም አይዙር። ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይን ይስባል፤ ይሁንና ሾፌሩ ርቀቱን ለመገመት ይቸገራል። ሳያቋርጥ የሚበራው ርቀትን ያስገምታል፤ ይሁንና ከሌሎች መብራቶች መካከል ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ የኋላ መብራት፣ አንዱ የሚበራ አንዱ ብልጭ የሚል፣ ከአንድ ውድ መብራት ይሻላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ የኋላ መብራት ሲጠፋ ባለቤቱ አያየውም። የፊቱ ሲጠፋ መንገዱ ይነግረናል፤ የኋላው ሲጠፋ የሚነግረን መኪናው ነው።

ወደ ማየት እንለፍ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሴኮንድ 4 ሜትር ይጓዛል፤ ጉድጓድ አይቶ ለመቆም 8 ሜትር ያህል ወደፊት ማየት ይኖርበታል። ከሐምራ ወደ ባሕሩ ዳር በሚወርደው ቁልቁለት በሰዓት 25 ቢነዳ በሴኮንድ 7 ሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ 15 ሜትርም አይበቃውም። ባለፈው ጥር አንድ አባላችን ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ የፊት ጎማው ክዳን በሌለው ጉድጓድ ገብቶ የእጁ አንጓ ተሰብሯል። መብራት አልነበረውም እንዳይባል ከመሪው ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት ነበረችው። እርስዋ እርሱን ለሌሎች አሳየች እንጂ መንገዱን ለእርሱ አላሳየችም። ሁለቱን ሥራዎች መለየት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሻጮች መብራትን የሚያወድሱት በ«ሉመን» ቁጥር ነው። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ነው፤ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ግን አይናገርም። በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካው በ«ሉክስ» ነው። የጀርመን ሕግ ለብስክሌት የፊት መብራት በ10 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 10 ሉክስ እንዲኖርና የመጪውን ዓይን እንዳይወጋ የሚጠይቀው፣ ቁም ነገሩ ብርሃኑ መንገድ ላይ ማረፉ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። እንደ እጅ ባትሪ ክብ ሆኖ በየአቅጣጫው የሚበተን ብርሃን ግማሹ ወደ ሰማይና ወደ መጪው ሾፌር ዓይን ይሄዳል። በዓይኑ ላይ የበራበት ሾፌር ደግሞ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን እግረኛ አያየውም። ስለዚህ ከ100 እስከ 200 ሉመን ያለው፣ ወደ መንገዱ ዘንበል ተደርጎ የታሰረ መብራት ለከተማችን ይበቃል። የ1000 ሉመን መብራት ገዝቶ ባትሪው በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅበት ሰው የገዛው ብርሃን ሳይሆን ቁጥር ነው።

የባትሪው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ዛሬ በትንሽ ዋጋ የምናገኘው መብራት ሁለት ታላላቅ የሳይንስ ውጤቶችን አጣምሮ የያዘ ነው። ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. እንዲሠራ ያስቻለውን ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. የፈጠሩ ሦስት የጃፓን ተወላጆች በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን፣ የሊቲየም አዮን ባትሪን ያስገኙ ሦስት ሊቃውንትም በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተቀብለዋል። ኤል.ኢ.ዲው ለዓመታት ያገለግላል፤ የሚያረጀው፣ የሚያልቀውና የሚያሳፍረው ባትሪው ነው።

በገበያው ላይ የምናገኛቸው በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛው ተራው የባትሪ ድንጋይ ነው። በየዱካኑ ይገኛል፤ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ይሠራል። ነገር ግን አንዴ ካለቀ ይጣላል፤ ለሳምንት ሙሉ ለሚነዳ ተማሪ ወጪው ይደራረባል። ብርሃኑም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያለ ስለሚደክም ባለቤቱ ሳያስተውል በደብዛዛ መብራት ለቀናት ይነዳል።

ሁለተኛው የአዝራር ቅርጽ ያለው «ሲ.አር. 2032» ነው። በትንንሾቹ ብልጭ ባይ መብራቶች ውስጥ ያለው እርሱ ነው። 3 ቮልትና 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚይዝ ለመታየት እንጂ ለማየት አይሆንም። ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ አደገኛ ነው፤ ቢዋጥ ጉሮሮን ያቃጥላልና።

ሦስተኛው በመብራቱ ውስጥ ተዘግቶ የሚመጣው፣ እንደ ስልክ በሽቦ የሚሞላው ሊቲየም ነው። ቀላልና ምቹ በመሆኑ ብዙዎቻችን የያዝነው ይህን ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። በመንገድ መካከል ካለቀ የሚተካው የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባትሪው ሲያረጅም መብራቱ በሙሉ ይጣላል። የጄኔሬተሩ ሰዓት ሳይሞላ ያመለጠው ሰው በዚያ ምሽት ያለ መብራት ነው።

አራተኛው እየወጣ የሚሞላው ባትሪ ነው። በዚህ ውስጥ ጣት የሚያህለው «ኤ.ኤ.» መጠን ያለው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ እና «18650» የሚባለው ሊቲየም ይገኛሉ።

ሒሳቡን እንመልከት። የባትሪ አቅም የሚታወቀው ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ ነው። 1.2 ቮልትና 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው አንድ ኤ.ኤ. 2.4 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሁለቱ 4.8 ይሆናሉ። ጥሩ ኤል.ኢ.ዲ. በ1 ዋት ወደ 100 ሉመን ስለሚሰጥ ሁለቱ ድንጋዮች 4 ሰዓት ያህል ያበራሉ። በቀን 40 ደቂቃ በጨለማ የሚነዳ አባል በአምስት ቀን የሚያስፈልገው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ መሙላት ይበቃዋል። ሊቲየሙ «18650» ደግሞ 3.6 ቮልትና 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢኖረው 10.8 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከሁለት ጊዜ በላይ ብልጫ አለው ማለት ነው።

ሆኖም በዚህ ላይ ማታለል በዝቷል። «18650» የሚለው ስም መጠኑን ይናገራል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው። በዚህ መጠን ውስጥ የሚገባው አቅም ከ3500 ሚሊአምፔር ሰዓት እምብዛም አያልፍም። ላዩ ላይ 9900 ተብሎ የተጻፈበት ካያችሁ ውሸት ነውና ተዉት። እውነተኛው በሚዛን 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ በጣም የቀለለ ባትሪ በውስጡ ያለው ነገር አጠራጣሪ ነው። ከዚህም ሌላ ይህ ዓይነቱ ባትሪ እርቃኑን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪስ ቢቀመጥ ጫፎቹ ተገናኝተው እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በበጋ ፀሐይ ከብስክሌቱ ጋር ታስሮ ሲውልም ሙቀቱ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ስለሆነም ለማኅበራችን የምንመርጠው ኤ.ኤ. የሚቀበለውን የፊት መብራትና ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪውን ነው። በአቅም ከሊቲየም ቢያንስም ምክንያቶቻችን ግልጽ ናቸው። መብራት በመጣበት ሰዓት ይሞላል፤ ሞልቶ ሲቀመጥ ኃይሉን ይዞ የሚቆየው ዓይነት ከተመረጠ ለወራት ዝግጁ ነው። ድንገት ቢያልቅ ከማንኛውም ዱካን ተራ ድንጋይ ተገዝቶ በቦታው ይገባል። በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል። ለእሳትም አያሰጋም። ከሁሉ በላይ የአንዱ አባል ለሌላው ይሆናል፤ መብራታችን የተለያየ ቢሆን እንኳ ድንጋያችን አንድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለ፤ ይህ ባትሪ እስከ መጨረሻው እኩል አብርቶ በድንገት ስለሚወድቅ፣ የሞላ ጥንድ ዘወትር በቦርሳ ውስጥ ይኑር። ለኋላ መብራት ግን በሽቦ የሚሞላውን አንቃወምም፤ ሁለት ስለሚሆኑ አንዱ በሽቦ የሚሞላ፣ አንዱ በድንጋይ የሚሠራ ይሁን። ሁለቱ በአንድ ምሽት አብረው አይጠፉም።

ከባሕር ዳር የመጡት አባሎቻችን «ዳይናሞስ?» ማለታቸው አይቀርም። ጎማውን ታክኮ እያጉረመረመ የሚያበራውን ዳይናሞ አንንቅም። ጀርመኖች በብስክሌት ላይ የባትሪ መብራትን ከዳይናሞ እኩል የፈቀዱት በ2013 ነው። ዛሬ በጎማው እምብርት ውስጥ የሚገጠመው ባለ 6 ቮልት፣ ባለ 3 ዋት ዳይናሞ ኤል.ኢ.ዲን ያለ ምንም ባትሪ በደንብ ያበራል። በአንድ ከተማ ለዓመታት ለሚኖር ሰው ከሁሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን ጎማ መቀየርን ይጠይቃል፤ ለሁለት ዓመት መጥቶ ያገለገለ ብስክሌት ለሚነዳ ተማሪ አያዋጣም።

ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

«መንገድ ማብራት የመንግሥትና የማዘጋጃ ቤት ግዴታ ነው፤ እኛ መብራት ስንገዛ ግዴታቸውን ማቅለላችን አይደለምን?» የሚል ሐሳብ ከአባሎቻችን ሰምተናል። ሐሳቡ መሠረት አለው። የመንገድ ጨለማ የብስክሌተኛው ጥፋት አይደለም፤ የተገጨ ሰውም «መብራት አልነበረውም» ተብሎ ጥፋቱ በእርሱ ላይ ሲላከክ ዝም ልንል አይገባም። ነገር ግን መብቱ እስኪከበር ድረስ አባላችን በየምሽቱ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መብራት ይዞ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን አልተወም፤ ለመጠየቅ በሕይወት ቆየ እንጂ።

«የስልኬ መብራት ይበቃል» የሚሉም አሉ። ስልክ በእጅ ከተያዘ መሪውንና ፍሬኑን የሚይዘው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ብርሃኑም ተበታትኖ ሩቅ አይደርስም። ባትሪውም ሲያልቅ አደጋ ቢደርስ የምንጣራበትን አብረን አጣን ማለት ነው።

«ማኅበሩ ለጥቂት ብስክሌተኞች ለምን ገንዘብ ያወጣል?» ለሚሉት ደግሞ መልሳችን ሰፋ ያለ ነው። በዚህ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ አብዛኛው ተማሪ አይደለም፤ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ናት። እሑድ ወደ ቡርጅ ሐሙድና ወደ ዶራ የወጣች እኅት ማታ ስትመለስ የምትሄደው በዚያው በጨለማው የመንገድ ዳር ነው። ለብስክሌት የምናስረው ትንሽ ቀይ መብራት በቦርሳ ማንገቻ ላይ ቢታሰር ለእግረኛም ያው ነው። ማኅበሩ ከጀመረው ሥራ እነርሱም ተካፋይ ሊሆኑ ይገባል።

የምናቀርበው ሐሳብ

ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች እናቀርባለን።

1ኛ/ ከዓመቱ መዋጮ፣ ለበዓል ግብዣ ከመመደቡ በፊት፣ ብስክሌት ለሚነዳ አባል ሁሉ አንድ የኋላ መብራት ይገዛ። ከዚህ የተረፈው ለፊት መብራት መግዣ በብድር ይሰጥ።

2ኛ/ 24 የሚሞሉ ኤ.ኤ. ባትሪዎችና እያንዳንዱን ለየብቻው የሚሞላ አንድ መሙያ ይገዛ። ባትሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ጥንዶቹ አይለያዩ፤ አሮጌና አዲስ አብሮ አይግባ። ባዶውን ያመጣ አባል የሞላ ጥንድ ይዞ ይሂድ።

3ኛ/ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት በኦክቶበር መጨረሻ ሳምንት የብስክሌት ምርመራ ይደረግ፤ መብራት ብቻ ሳይሆን ፍሬንም ይታይ።

4ኛ/ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር በብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ መብራት እንዲያደርግና ያለቁ ባትሪዎች የሚሰበሰቡበት ሣጥን እንዲያስቀምጥ በጽሑፍ ይጠየቅ። ሊቲየም ከተራ ቆሻሻ ጋር ተጥሎ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሣልና።

5ኛ/ ለቦርሳ የሚሆኑ ትንንሽ ቀይ መብራቶች ተገዝተው በእሑድ ለሚሰበሰቡ እኅቶቻችን ይታደሉ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚጠይቀው ገንዘብ ማኅበሩን የሚያናጋ አይደለም፤ የሚጠይቀው ባትሪውን በሰዓቱ የሚሞላና መዝገቡን የሚይዝ ሰው ነው። ለዚህም ሁለት ፈቃደኞች በስብሰባው ላይ ይመረጡ። የምንቃወመው ነጥብ አለ የሚል አባል በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ማታ ከግቢው በር ከመውጣታችሁ በፊት ከብስክሌቱ ወርዳችሁ ወደ ኋላ ዙሩና የኋላ መብራታችሁ መብራቱን በዓይናችሁ እዩ።